ጆሴፍ ዊትወርዝ እና የልኬት መነሻ ገጽ

በዘመናዊ ፋብሪካ የአንድን የማሽን ክፍል ልኬት በሶፍትዌር የሚመረምር ባለሙያ ከሁሉ በፊት ክፍሉን ከማጣቀሻዎች ጋር ያሰናኛል። ሦስት ነጥቦች ዋናውን ጠለል፣ ሁለት ነጥቦች የአቅጣጫውን መስመር፣ አንድ ነጥብ ደግሞ የመነሻውን ቦታ ይወስናሉ። ከዚያ በኋላ የሚመዘገበው ቁጥር ሁሉ ተአማኒነቱን የሚያገኘው ከእነዚህ ስድስት ነጥቦች ነው። ልኬት ከታመነ ገጽ መጀመር አለበት የሚለውን እምነት ወደ ፋብሪካ የሥራ ልማድ በመለወጥ ረገድ ከፍተኛ ድርሻ ካላቸው ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትወርዝ ነው።

ዊትወርዝ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1803 በስቶክፖርት ከተማ ተወለደ። አባቱ መምህር፣ በኋላም ሰባኪ ነበር። በ14 ዓመቱ በደርቢሻየር ወደሚገኘው የአጎቱ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ተላከ፤ ከንግዱ ይልቅ ግን ልቡ ያዘነበለው ወደ ማሽኖቹ ነበር። ስለዚህም ፋብሪካውን ትቶ በማንቸስተር በመካኒክነት ተቀጠረ። በ1825 ወደ ለንደን ተጉዞ በዘመኑ ስመ ጥር በነበረው በሄንሪ ሞድስሌይ የሥራ ቤት ገባ።

በዚያ ዘመን ለጥ ያለ የብረት ገጽ የሚዘጋጀው ሁለት ሰሌዳዎችን በሻካራ ዱቄት እርስ በርስ በማፋጨት ነበር። ዱቄቱ በእኩል ስለማይሰራጭ የአንዱ ጉድለት ወደ ሌላው ይተላለፋል። ከዚህም የባሰው፣ አንደኛው ሰሌዳ ጎድጓዳ ሌላኛው ጉብታ ቢሆኑ እንኳ ያለ ክፍተት ሊገጥሙ መቻላቸው ነው። ስለዚህ የሁለት ገጾች መስማማት ብቻውን የእውነት ማስረጃ አይሆንም። መፍትሔው ሦስተኛ ሰሌዳ መጨመር ነበር፤ ሦስቱ እየተፈራረቁ ጥንድ በጥንድ ሲገጥሙ የሚስማሙት ሁሉም ለጥ ያሉ ሲሆኑ ብቻ ነውና። ዊትወርዝ አንዱን ሰሌዳ በቀጭን ቀለም እየቀባ ከሌላው ጋር ያገናኝና ቀለም የነካቸውን ከፍታዎች በእጅ መፋቂያ ያነሣ ነበር። ለጥ ያሉ ሰሌዳዎች በሞድስሌይ ቤት ቀድሞም ስለነበሩ የሐሳቡ ባለቤትነት አከራካሪ ነው፤ ይሁን እንጂ ማፋጨትን በመፋቅ መተካትን በ1840 በግላስጎው ለብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ ያስፋፋው እርሱ ነው።

በ1833 ወደ ማንቸስተር ተመልሶ የራሱን የሥራ ቤት ከፍቶ ነበር። በወቅቱ እያንዳንዱ አምራች ብሎንና ዳዶን በራሱ ልክ ይሠራ ስለነበር የአንዱ ብሎን ለሌላው ዳዶ አይሆንም ነበር። ዊትወርዝ ከብዙ ፋብሪካዎች ናሙናዎችን ሰብስቦ አማካያቸውን በመውሰድ በ1841 የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ የሆነ አንድ ወጥ ሥርዓት አቀረበ። የባቡር ኩባንያዎች ሥርዓቱን ሲቀበሉት አገር አቀፍ መለኪያ ለመሆን በቃ።

የትክክለኛነት ጥረቱ ጫፍ የአንድ ኢንች ሚሊዮንኛን የሚለየው የመለኪያ ማሽኑ ነው። በአንድ ኢንች 20 ጥርስ ያለው ብሎን ባለ 200 ጥርስ ዘንግ ጎማ ይነዳዋል፤ ጎማውን የሚያዞረው መዘውር ደግሞ በ250 ክፍልፋዮች ተከፍሏል። የሦስቱ ብዜት በትክክል አንድ ሚሊዮን ነው። ልኬቱን የሚወስነው ዓይን ሳይሆን ንክኪ ነበር፤ በሁለት ለጥ ያሉ ገጾች መካከል የተያዘች ስስ ብረት በራሷ ክብደት መውደቋ ወይም አለመውደቋ ልዩነቱን ያሳያል። ገጾቹ ለጥ ያሉ ባይሆኑ ግን የብሎኑ ረቂቅነት ሁሉ ከንቱ ይሆን ነበር።

ዊትወርዝ በ1868 ለወጣት መካኒኮች የትምህርት ዕድል ገንዘብ መደበ፤ በ1869 የባሮኔት ማዕረግ ተቀበለ። ጥር 22 ቀን 1887 በሞንቴ ካርሎ አረፈ።

የሕይወቱ ሥራ ለዛሬው ልኬት ያለው ትርጉም ግልጽ ነው። ሶፍትዌር የተሰጡትን ነጥቦች ያሰላል እንጂ ነጥቦቹ የተወሰዱበት ገጽ ማጣቀሻ ለመሆን ብቁ መሆኑን በራሱ አያረጋግጥም። የመጀመሪያው ጠለል ከተጣመመ ገጽ ከተወሰደ ክፍሉ በሙሉ በስሌቱ ውስጥ ያዘነብላል፤ ትክክለኛው ቀዳዳ ስሕተት፣ ስሕተቱም ትክክል መስሎ ሊነበብ ይችላል። ሁለት ነገሮች ስለተስማሙ ብቻ እውነት ናቸው ብሎ አለመቀበል፣ ሦስተኛ ምስክር መፈለግ፣ ከሦስቱ ሰሌዳዎች የተወረሰ ትምህርት ነው።