ገብረ ክርስቶስ ደስታ፦ መልክን ትቶ ስሜትን የሳለው ሰው

ስትደነግጡ የምትልኳትን፣ ጉንጯን በሁለት እጇ የያዘችውን ኢሞጂ 😱 ታውቋታላችሁ። ኖርዌያዊው ኤድቫርድ ሙንክ በ1893 የሳለውን «ጩኸት» የተባለ ሥዕል ታስታውሳለች። ሙንክ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በሳምባ ነቀርሳ የሞተች እህቱን እያሰበ፣ የታመመች ልጅ ምስል መዳብ ላይ በመርፌ ጭሮ በወረቀት አተመ። ቁንጅናን ሳይሆን ሐዘንን ነበር ያሳየው። ከዚህ መንገድ በኋላ ጀርመን ውስጥ ኤክስፕረሽኒዝም የሚሉት አሳሳል በረታ።

ይህን አሳሳል ወደ አገራችን ካመጡት ቀዳሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍት የሚጽፉና የሚስሉ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ስለዚህ ቀለምን ያወቀው ገና በልጅነቱ፣ እቤቱ ነው። አዲስ አበባ ኮሌጅ ገብቶ ሳይንስ ቢጀምርም ልቡ ሥዕል ላይ ስለነበር ተወው። በ1957 ጀርመን፣ ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል ተማረ።

ተመልሶ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። «ጎልጎታ» በተባለው ሥዕሉ ስቅለቱን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንደለመድነው አልሳለውም፤ ደም በመሰለ ቀይ ቀለም ሕመሙን ነው ያሳየን። ታዲያ ይሄ የፈረንጅ ነው፣ የኛ አይደለም እያሉ የተቹት ነበሩ። እሱ ግን መንገዱን አልቀየረም። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት አገኘ።

የሚገርመው፣ አገርኛ አይደለም የተባለው ይኸው ሰው ብዙዎች በቃላቸው የሚያውቁትን «አገሬ» የተሰኘ ግጥም የጻፈ ገጣሚም ነው። አገሩ ላይ መሞት ግን አልሆነለትም። በደርግ ዘመን ተሰደደ፤ በ1981 ኦክላሆማ፣ አሜሪካ ውስጥ 50 ዓመት ሳይሞላው አረፈ።

ጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቹ ግን አገራቸው ገብተዋል። አሁን ስድስት ኪሎ፣ በስሙ በተሰየመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይታያሉ።

መቱም ሁኑ ጎሬ፣ ደብተራችሁ ላይ ስትስሉ ይሄ ደግሞ ምንድነው የምትባሉ ልጆች አላችሁ አይደል? አዲስ አበባ ስትሄዱ ጎራ በሉና እዩት። እሱም እንደናንተው ተብሏል።