የተማሩትን የመለሱ መምህር፦ አቶ ዮና ቦጋለ

ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል ከገጠር መጥቶ በደነባ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር አይጠፋም። እሑድ ማታ ስንቁን ተሸክሞ ይገባል፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ወላጆቹ ይመለሳል። መንገዱ ረጅም ነውና በሚጓዝበት ጊዜ ብዙ ነገር ያስባል። ወላጆቹ ከእህሉ ሸጠው፣ ከራሳቸው ቀንሰው እንደሚያስተምሩት ያውቃል። ስለዚህም ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ የማን እንደሚሆን፣ የራሱ ብቻ ወይስ የላኩትም ሰዎች፣ ራሱን ሳይጠይቅ አይቀርም።

ይህ ጥያቄ ከ100 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ከጎንደር ከተማ አጠገብ ወለቃ በምትባል መንደር የተወለደ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ኖሯል። የሕይወቱን ታሪክ ስታነቡ፣ በየምዕራፉ ለጥያቄው የሰጠውን መልስ ልብ በሉ። ሰውየው አቶ ዮና ቦጋለ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድማችሁ ዕወቁ።

አቶ ዮና በ1908 ሲወለዱ፣ ወለቃ ቤተ እስራኤላውያን የሚኖሩባት መንደር ነበረች። ቤተ እስራኤላውያን ኦሪትን በግእዝ የሚያነቡ፣ ቀዳሚት ሰንበትን የሚያከብሩ፣ በየዓመቱ ብዙ ጊዜ በኅዳር ወር ከተራራ ላይ ወጥተው በጾምና በጸሎት የስግድን በዓል የሚፈጽሙ የአይሁድ እምነት ተከታዮች ናቸው። ወንዶቹ ብረት በመቀጥቀጥና ሸማ በመሥራት፣ ሴቶቹም ሸክላ በመሥራት ይታወቁ ነበር። ገበሬው የሚያርስበት ማረሻና ጎረቤቱ ውኃ የሚቀዳበት እንስራ ከእነርሱ እጅ የወጣ ነበር። ሆኖም ሥራቸውን የሚፈልግ ሰው ሁሉ እነርሱን አያከብራቸውም ነበር። ባለእጅን መናቅ በዚያን ዘመን በጎንደር ብቻ ሳይሆን በሸዋም ይታይ የነበረ ክፉ ልማድ ነው። እዚሁ በሰሜን ሸዋ በአንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው የልማዱን ክብደት ያመለክታል።

እንግዲህ እንዲህ ካለ መንደር የተወለደ ልጅ ወደ ዘመናዊ ትምህርት እንዴት ሊደርስ ቻለ? ምክንያት የሆኑት ሁለት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው በፖላንድ የተወለዱትና በፓሪስ የሴም ቋንቋዎችን ያጠኑት ዶክተር ዣክ ፋይትሎቪች ሲሆኑ፣ በ1904 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከቤተ እስራኤላውያን ጋር ተዋወቁ። ሁለተኛው እኒሁ ሊቅ ወደ አውሮፓ የወሰዷቸው፣ በፓሪስና በፍሎረንስ የተማሩት ኢትዮጵያዊ ምሁር አቶ ታምራት አማኑኤል ናቸው። ሁለቱ ተባብረው በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ተስፋ የተጣለባቸው ልጆችም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር እንዲሄዱ አደረጉ።

ወደ ውጭ ከተላኩት ልጆች አንዱ ዮና ነበሩ። መጀመሪያ በኢየሩሳሌም፣ ቀጥሎም በጀርመን፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ተማሩ። ከአማርኛና ከግእዝ ሌላ ዕብራይስጥ፣ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ቋንቋዎችን ዐወቁ። እንዲህ ያለ ዕውቀት የነበረው ኢትዮጵያዊ በዚያን ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነበርና፣ በውጭ አገር ቀርተው ተመችቷቸው ለመኖር ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ከጣሊያን ወረራ በፊት ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በአዲስ አበባው ትምህርት ቤትም መምህር ሆኑ። ለጥያቄው የሰጡት የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው።

ብዙ ሳይቆይ በ1935 የፋሺስት ጣሊያን ጦር አገራችንን ወረረ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ አቶ ታምራትም ከአገር ተሰደዱ። አቶ ዮና ወደ ትውልድ መንደራቸው ወደ ወለቃ ገብተው በእርሻ መተዳደር ጀመሩ። የአውሮፓን ቋንቋዎች የሚያውቁት መምህር እንደ ማንኛውም ገበሬ ሞፈር ጨበጡ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። የተማረ ሰው ወደ እርሻ ሲመለስ የተማረው ሁሉ ከንቱ የቀረ የሚመስለው ብዙ ነው። ነገር ግን አቶ ዮና በእነዚያ ዓመታት የገበሬውን ድካምና የመንደሩን ችግር እንደ ገና በቅርብ አዩ። በኋላ ስለ ገጠር ልጆች ትምህርት ሲሠሩ፣ የሚናገሩት ከኖሩበት ሕይወት ነበር።

በ1941 ነጻነት ሲመለስ አቶ ዮና በትምህርት ሚኒስቴር ሥራ ያዙ። ይህ ሥራ በዋና ከተማ የሚሠራ፣ ደመወዙ የማይቋረጥ፣ ክብርም ያለው ነበር። ይሁን እንጂ በ1953 የመንግሥት ሥራቸውን ለቀቁ። ምክንያታቸው የአይሁድ ኤጀንሲ የተባለው ድርጅት ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤቶች ለመክፈት ማሰቡ ነበር፤ ሥራውም በመንደሮቹ መካከል የሚመላለስ፣ ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገው ነበር።

በ1954 መምህራንን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት በአስመራ ተከፈተ። በ1955ና በ1956 ደግሞ 27 ወጣቶች በእስራኤል ወደሚገኘው ክፋር ባትያ ወደ ተባለ የወጣቶች ትምህርት መንደር ተላኩ። የተላኩበትም ዓላማ ተምረው ሲመለሱ በየመንደራቸው እንዲያስተምሩ ነበር። አቶ ዮና ራሳቸው በልጅነታቸው የሄዱበትን መንገድ አሁን ለሌሎች ሲያዘጋጁ ታያላችሁ። ከዚህም ሌላ የአይሁድን በዓላት የሚያሳይ መቁጠሪያ በአማርኛ ያዘጋጁ ነበር። በመንደር የሚኖር ሰው በዓሉን በሌላው ዓለም ካሉት የእምነት ወገኖቹ ጋር በአንድ ቀን እንዲያከብር የሚያስችለው ይህ መቁጠሪያ ነበር።

ይሁን እንጂ የተጀመረው ሁሉ አልዘለቀም። ለትምህርት ቤቶቹ የሚሰጠው ገንዘብ በ1950ዎቹ መጨረሻ ስለ ተቀነሰ አብዛኞቹ ተዘጉ። አቶ ዮና ግን ተስፋ ቆርጠው አልተቀመጡም። የቀሩትን ለማቆየት ደከሙ፤ በውጭ አገር ላሉ የአይሁድ ድርጅቶችም ደብዳቤ መጻፋቸውን ቀጠሉ። ዓመታት አለፉ። በ1974 በአገሪቱ አብዮት ተነሣ፤ ከዚያም በኋላ በጎንደር የገጠር አካባቢዎች ጦርነት ሆነ። በ1976 በተደረገ ቆጠራ 28,000 ያህል የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን በመቶ በሚቆጠሩ መንደሮች ተበታትነው ይኖሩ ስለ ነበር፣ ድምፃቸውን ለማሰማት አልቻሉም። አቶ ዮና በ1979 ወደ እስራኤል ሄዱ።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ የሰሜን አሜሪካ የአይሁድ ማኅበራት ምክር ቤት ጠቅላላ ጉባኤ ተደረገ። ለትምህርት ቤቶችና ለችግረኞች መርጃ የሚውለውን ገንዘብ የሚሰበስቡና የሚያከፋፍሉ ሰዎች የተሰበሰቡበት ታላቅ ጉባኤ ነው። አቶ ዮናም በጉባኤው ፊት እንዲናገሩ ተጋበዙ። ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት አልፎ ነበር።

ተማሪዎች፣ ይህ ቀላል ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። በዚያን ጊዜ ስለ ቤተ እስራኤላውያን ሁለት አሳብ ነበር። የእስራኤል ባለሥልጣኖች ነገሩ በምስጢር እንዲያዝ ይፈልጉ ነበር፤ ወሬው ከተሰማ መንገዱ ይዘጋል፣ በአገር ቤት ያሉትም ይጎዳሉ የሚል ሥጋት ነበረና። ሌሎቹ ደግሞ ዝምታው እጅግ ረዝሟል፣ የማይሰማ ሰው ይረሳል ይሉ ነበር። ሁለቱም አሳብ ምክንያት ነበረው። መናገር አደጋ ነበረው፤ ዝም ማለትም እንዲሁ። አቶ ዮና መናገርን መረጡ። በወጣትነታቸው በባዕድ አገር የተማሯቸውን ቋንቋዎች ለራሳቸው ጉዳይ ሳይሆን በየመንደሩ ለቀሩት አዋሉ፤ የወገኖቻቸውን ችግር አስረድተው ጉባኤው እንዲረዳቸው ለመኑ። ጉባኤተኛውም ከመቀመጫው ተነሥቶ በጭብጨባ አከበራቸው። ብዙዎች ስለ ቤተ እስራኤል ከኢትዮጵያዊ አንደበት ሲሰሙ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ሁለቱም ሥጋቶች እውነት እንደ ነበሩ ያሳያል። በ1984 መጨረሻ ከ6,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ነገር ግን በ1985 መጀመሪያ ወሬው በይፋ ስለ ተነገረ ጉዞው ተቋረጠ። በእግር መንገዱና በሱዳን መጠለያዎች በረኃብና በበሽታ ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። አቶ ዮና የሕዝባቸውን ደስታም ሐዘንም አይተው በ1987 በእስራኤል ዐረፉ። በግንቦት ወር 1991 ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ በሁለት ቀን ውስጥ ሲጓጓዙ ለማየት አልታደሉም።

እነሆ፣ የአንድ መምህር ሕይወት ይህን ይመስላል። አቶ ዮና የከፈቷቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ጸንተው አልቆሙም፤ የጀመሩትም ሥራ ሁሉ በዐይናቸው ፊት አልተፈጸመም። የሆነው ሆኖ ከመምህርነት ወደ እርሻ፣ ከእርሻ ወደ ሚኒስቴር፣ ከሚኒስቴር ወደ መንደር ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ወደ ታላቅ ጉባኤ ሲሻገሩ፣ የማን እንደሆኑ ለሚለው ጥያቄ የሰጡት መልስ አልተለወጠም።

አሁን እናንተም ብዕራችሁን አንሡ። በደነባ ወይም በአካባቢዋ ተምሮ የተማረውን ለተወለደበት ቀበሌ የመለሰ አንድ ሰው ፈልጉ፤ መምህር፣ ጤና ረዳት ወይም የግብርና ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ሰውየውን ወይም ሴትየዋን ቀርባችሁ ጠይቁ፤ ከዚያም ሕይወታቸውን በሦስት አንቀጽ ጻፉ። ከማወደስ ይልቅ ምን እንደ ሠሩና በምን ፈንታ ምን እንደ መረጡ ለማሳየት ሞክሩ። ምርጫው በሚገባ ከታየ ምስጋናውን አንባቢው ራሱ ይጨምርበታል።