ኤጋስ ሞኒዝ፦ የአንጎልን የደም ሥሮች ለዕይታ ያበቁት ሐኪም

ከቢቸና ወይም ከሞጣ ለከፍተኛ ምርመራ ወደ ትልቅ ሆስፒታል የተላከ ሕሙም ሲቲ ስካን ሲነሣ በክንዱ የደም ሥር በኩል ኮንትራስት የተባለ ፈሳሽ ሊሰጠው ይችላል። ሰውነትን ለአፍታ የሚያሞቀው ይህ ፈሳሽ በራጅ የማይታየውን የደም ሥር አጉልቶ ያሳያል። ለዚህ ጥበብ መሠረት ከጣሉት መካከል አንዱ ፖርቱጋላዊው ሐኪም ኤጋስ ሞኒዝ ናቸው።

ሞኒዝ እ.ኤ.አ. በ1874 አቫንካ በተባለች የገጠር መንደር ተወለዱ። በኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1911 በሊዝበን የነርቭ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ። በፖለቲካውም የምክር ቤት አባል፣ በስፔን አምባሳደር፣ በ1918 ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ታላቁን ሥራቸውን የጀመሩት ግን ከፖለቲካ ርቀው ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው።

ራጅ የተገኘው ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ድል አራት ወር ያህል አስቀድሞ ነበር። በዚያው ዓመት ከዐድዋ የተመለሱ የጣሊያን ቁስለኞች በሰውነታቸው የቀረው ጥይት ናፖሊ ላይ በዚሁ ጨረር ተፈልጎላቸዋል። አጥንትና ጥይት ጨረሩን ስለሚያግዱ በግልጽ ይታያሉ፤ ደምና አንጎል ግን ሳይለያዩ ያሳልፉታል። ጥርት ያለ ውኃ በቦይ ሲወርድ ከሩቅ አይለይም፤ አፈር ያደፈረሰው ጎርፍ ግን መንገዱን ራሱ ያሳያል። ሞኒዝም ደሙን ለጨረር የሚያደፈርስ፣ ሕሙሙን ግን የማይጎዳ ንጥረ ነገር ፍለጋ ተነሡ።

በሪህ በሽታ እጆቻቸው ስለተጎዱ መርፌውን የሚይዙላቸው ወጣቱ ቀዶ ሐኪም አልሜዳ ሊማ ነበሩ። በእንስሳትና በአስከሬን ላይ ከሞከሩ በኋላ ስትሮንቲየም ብሮማይድ የተባለውን ጨው ለሕሙማን ሰጡ፤ አንድ ሕሙምም ሕይወቱ አለፈ። ያንን ጨው ትተው ወደ አዮዲን ጨው ተሻገሩ። ሰኔ 28 ቀን 1927 በአንድ ወጣት ላይ ተሳካላቸው፤ ከአንጎሉ ሥር የበቀለው ዕጢ የደም ሥሮቹን ከቦታቸው መግፋቱ በፎቶግራፉ ታየ።

ችግሩ ግን በዚህ አላበቃም። የአዮዲኑ ጨው ሕመም ያስከትል ስለነበር ከ1931 ጀምሮ ቶሮትራስት ወደተባለው መድኃኒት ዞሩ። ቶሮትራስት ሲሰጥ አያሳምምም፤ ምስሉም የጠራ ነው። በውስጡ ያለው ቶሪየም ግን ጨረር የሚያመነጭ፣ ከሰውነትም የማይወጣ ነበር። በጉበትና በጣፊያ ተከማችቶ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ በብዙ ሕሙማን ላይ የጉበት ካንሰር አስከተለ።

ሞኒዝ በ1935 የአእምሮ ሕሙማንን አንጎል በቀዶ ጥገና ማከም ጀመሩ፤ በ1949 የኖቤል ሽልማትን ከስዊዙ ቫልተር ሄስ ጋር የተጋሩትም በዚሁ ነው። ይህ ሕክምና በብዙዎች ላይ ከባድ ጉዳት በማድረሱ ሽልማቱ እንዲነጠቅ የጠየቁ ቤተሰቦች ነበሩ። በ1939 በአንድ ሕሙም በጥይት ተመትተው የተረፉት ሞኒዝ በታኅሣሥ 1955 ሊዝበን ውስጥ አረፉ። ዘመን የተሻገረላቸው ሥራ የደም ሥር ምስሉ ነው።

የዛሬው ኮንትራስት ዋና ንጥረ ነገር እንቅርትን ለመከላከል ከገበታ ጨው ጋር የሚቀላቀለው አዮዲን ነው። ተሠርቶ የሚቀርበው ከቀድሞው እጅግ ባነሰ ጉዳት እንዲሰጥ ሆኖ ሲሆን በአብዛኛው በኩላሊት በኩል ከሰውነት ይወጣል። ሙቀት መሰማትና ለአጭር ጊዜ ማቅለሽለሽ የተለመዱ ናቸው። አልፎ አልፎ ማሳከክና የቆዳ ሽፍታ፣ እጅግ ጥቂት በሆኑ ሰዎች ላይ ደግሞ የትንፋሽ ማጠርና የደም ግፊት መውረድ ይከሰታሉ። ከባዱ ምላሽ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስለሚታይ ሕሙሙ ከምርመራው በኋላ ጥቂት እንዲቆይ ይደረጋል።

ስለዚህ ቀደም ሲል ኮንትራስት ያልተስማማው፣ አስም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ለባለሙያው መናገር ይኖርበታል። በሊዝበን በሕይወት የተከፈለው ዋጋ ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ የጠራ ምስል ብቻውን አይበቃም፣ ፈሳሹን የሚቀበለው ሰው ደኅንነትም አብሮ ሊታይ ይገባል።