ካርሎ ጉዚና ለነጂው የሚስተካከለው ሞላ

በጎጃም ደጋ የሌላ ሰው በቅሎ ተውሶ መንገድ የሚጀምር ሰው አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር አለ፤ ይኸውም የእርካቡን ጠፍር ከእግሩ ቁመት ጋር ማስማማትና የኮርቻውን ማሰሪያ መፈተሽ ነው። ይህን ሳያደርግ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ የሚጓዝ ቢኖር የራሱም ወገብ የበቅሎዋም ጀርባ ይጎዳል። በብዙ መንገዶች በቅሎን የተካው ሞተር ብስክሌት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ እንደ ወጣ፣ ቀላሉንም ከባዱንም ነጂ ሳይለይ ይነዳል። መኪናው ለሚቀመጥበት ሰውና ለሚሄድበት መንገድ መስተካከል አለበት የሚለውን ሐሳብ በብረት ሠርተው ካሳዩት ሰዎች አንዱ ኢጣልያዊው ካርሎ ጉዚ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካርሎ ጉዚ በ1889 በሚላኖ ከተማ ተወለደ። የወጣትነቱን ዘመን ያሳለፈው በኮሞ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በትንሿ ማንዴሎ ዴል ላሪዮ ሲሆን፣ ከብረት ሥራ ጋር የተዋወቀውም እዚያው በአንድ አንጥረኛ ዘንድ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኢጣልያ የአየር ኃይል ክፍል በመካኒክነት ሲያገለግል ጆርጆ ፓሮዲና ጆቫኒ ራቬሊ ከተባሉ ሁለት አብራሪዎች ጋር ወዳጅነት መሠረተ። ሦስቱ ከጦርነቱ በኋላ በአንድነት የሞተር ብስክሌት ሥራ ለማቋቋም ተስማሙ። ጉዚ ሊነድፍና ሊሠራ፣ ፓሮዲ ገንዘብ ሊያፈላልግ፣ ራቬሊ ደግሞ በውድድር ላይ ሊያስተዋውቅ ነበር የታሰበው። ሆኖም ራቬሊ በ1919 በአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አለፈ። የፋብሪካው ምልክት ክንፉን የዘረጋ ንስር የሆነው ለእሱ መታሰቢያ ነው። የጆርጆ አባት፣ የጄኖቫው የመርከብ ባለሀብት ኢማኑኤሌ ቪቶሪዮ ፓሮዲ፣ የመነሻውን ገንዘብ ሰጡ፤ ሞቶ ጉዚ የተባለው ኩባንያም በ1921 ተቋቋመ።

ጉዚ ለሙከራ የሠራው የመጀመሪያው ሞተር አራት ቫልቭ ያለው ረቂቅ ሥራ ነበር። ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው ከገዢው አቅም በላይ እንደሚሆን ስለታየ፣ በ1921 የወጣው ኖርማሌ የተባለው ሞተር ብስክሌት ቀለል ተደርጎ ተሠራ። ሲሊንደሩ ወደ ፊት የተኛ፣ ይዘቱ 498 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ጉልበቱም 8 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበር። የኋላው ጎማ ግን እንደ ዘመኑ ልማድ ያለ ምንም ሞላ በሻንሲው ላይ በቀጥታ የታሰረ ነበር። ነጂውን ከመንገዱ ምት የሚያድነው ከመቀመጫው ሥር ያለው ሞላ ብቻ ነው። ይህ ሞላ የነጂውን ወገብ በመጠኑ ቢያሳርፍም ጎማውን ከመሬት ጋር አያቆራኝም፤ ከመሬት የተነሣ ጎማ ደግሞ አይገፋም፣ አይዞርም፣ ፍሬንም አይዘውም።

ጉዳዩ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ ብዙዎቹ የዘመኑ ሠሪዎች የኋላ ሞላ ለመግጠም አልደፈሩም። ምክንያታቸው የኋላው ሹካ በማጠፊያ ከተያያዘ ሞተር ብስክሌቱ በኩርባ ላይ ይወላገዳል የሚል ነበር። ለዚህ ሥጋት መልስ የሰጠው የካርሎ ወንድም መሐንዲስ ጁሴፔ ጉዚ ነው። ጁሴፔ የኋላውን ሹካ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ አጠንክሮ ከሻንሲው ጋር በማጠፊያ አያያዘ፤ ሞላዎቹንም ከሞተሩ ሥር ባለ ሳጥን ውስጥ አጋደመ። ጎማው በጉብታ ላይ ሲነሣ ከሹካው ጋር የተገናኙት ዘንጎች ሞላዎቹን ይጨምቃሉ። ክብደቱ ወደ መሬት የቀረበ፣ ሹካውም የማይጠመዘዝ በመሆኑ የመወላገዱ ሥጋት ተወገደ።

ጁሴፔ ሥራውን በወረቀት ብቻ አላስረዳም። በ1928 በዚሁ ሞተር ብስክሌት ከማንዴሎ ተነሥቶ በኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ እስከሚገኘው ኖርድ ካፕ ድረስ በአብዛኛው ባልተነጠፈ መንገድ ነዳ። የደርሶ መልሱ ርቀት ከ6,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ሞዴሉ ኖርጌ ተባለ። ያም ሆኖ ገበያው አልተቀበለውም፤ የተሸጠው ቁጥር እጅግ ጥቂት ነበር። በዚህ ጊዜ ካርሎ ጉዚ ሐሳቡን ቢተወው ማንም ባልነቀፈው ነበር። እሱ ግን የወንድሙን ሥራ በኋለኞቹ ሞዴሎች ላይ እያሻሻለ ቀጠለበት፤ እስከ ውድድር ሜዳም አደረሰው። በ1935 በማን ደሴት በተካሄደው የቱሪስት ትሮፊ ውድድር አየርላንዳዊው ስታንሊ ውድስ የኋላ ሞላ በተገጠመላቸው የጉዚ ሞተር ብስክሌቶች በ250ም በ500ም ክፍል አሸነፈ። በ500 ክፍል ከኖርተኑ ጂሚ ጉትሪ የበለጠው በ4 ሰከንድ ብቻ ነበር፤ ሆኖም ያቺ 4 ሰከንድ የሰባት ዓመት ጥርጣሬን አስወገደች።

የጉዚ ፋብሪካ ሥራ በሞላው ብቻ አላበቃም። ብቻውን የተተወ ሞላ የተቀበለውን ኃይል መልሶ ስለሚሰጥ ነጂውን ደጋግሞ ያነጥረዋል፤ ይህን ኃይል ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያበርድ አሞርዛተር ያስፈልገዋል። በዚያ ዘመን አሞርዛተሩ እርስ በርሳቸው የሚፋተጉ ዲስኮችን የያዘ ነበር። በኋለኞቹ የጉዚ ሞዴሎች፣ በተለይም በ1950 በወጣው ፋልኮኔ፣ ነጂው ያለ መፍቻ በእጁ እያጠበቀና እያላላ የፍትጊያውን መጠን ይወስናል። ብቻውን ሲሆን ያላላዋል፤ ሰው ወይም ጭነት ሲያክል ያጠብቀዋል። የፋብሪካው መሐንዲስ የነጂውን ክብደትና የመንገዱን ጠባይ አስቀድሞ ሊያውቅ ስለማይችል፣ የመጨረሻው ውሳኔ ለነጂው ተተወለት ማለት ነው።

የዚህ ሥራ ታሪክ ለኢትዮጵያ ሌላ ገጽታም አለው። ጂ.ቲ. 17 የተባለውና ለኢጣልያ ጦር የተሠራው ባለ ኋላ ሞላ ጉዚ በ1935 ከተነሣው ወራሪ ሠራዊት ጋር ወደ ኢትዮጵያ ገብቷል። ደብረ ማርቆስ በ1936 ተያዘች፤ የጎጃም አርበኞች ግን እነ በላይ ዘለቀን በመሰሉ መሪዎች ሥር አምስት ዓመት ተዋግተው ከተማዋ በ1941 ነፃ ወጣች። ወራሪው ሲሄድ የመካኒኩ ቋንቋ ቀረ፤ ሞላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላና ባሌስትራ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። በጎ እውቀት በክፉ ሠራዊት እጅ ሊመጣ መቻሉ የዚህን ሰው ሕይወት የሚያጠና ባለሙያ ሊዘነጋው የማይገባ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጉዚ ለደኸየው ሕዝብ 65 ሴንቲ ሜትር ኩብ ብቻ ያለውን አነስተኛ ሞተር ብስክሌት አቀረበ። በ1950 ደግሞ ሙሉ ሞተር ብስክሌት ከነነጂው የሚፈተንበት የነፋስ ዋሻ በማንዴሎ ተሠራ፤ በዚያም ማሽኑ ከነጂው ተለይቶ እንደማይታይ ዳግመኛ ተረጋገጠ። ካርሎ ጉዚ በ1964 በ75 ዓመቱ አረፈ።

የፍትጊያው አሞርዛተር ዛሬ በዘይት በሚሠራው ተተክቷል። የመስተካከሉ ፍላጎት ግን አልተለወጠም። በጎጃም ለእርሻና ለጤና ሥራ የሚሰማራው ሞተር ብስክሌት በበጋ ኮረኮንች፣ በክረምት ዋልካ ይጠብቀዋል። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ፤ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል። በዳገቱ ደግሞ የኋላው ሞላ ለጭነቱ ካልጠበቀ ጀርባው ይሰምጣል፣ የፊቱ ጎማ ይቀልላል፣ መሪው ይዋልላል፣ በሌሊትም መብራቱ ወደ ሰማይ ያያል። በጮቄ ብርድ የአሞርዛተሩ ዘይት ይወፍራል፤ በዓባይ በረሃ ይቀጥናል።

መፍትሔው ሜትርና መፍቻ ብቻ ይጠይቃል። የኋላው ጎማ ከመሬት ተነሥቶ ከጎማው እምብርት እስከ መቀመጫው ሥር ባለ አንድ ምልክት ይለካል። ከዚያም ነጂው ከተለመደ ጭነቱ ጋር ተቀምጦ ያው ርቀት ዳግመኛ ይለካል። ልዩነቱ ከሞላው ሙሉ እንቅስቃሴ ከሩብ እስከ ሲሶ ቢሆን ይበጃል፤ እንቅስቃሴው 120 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ልዩነቱ ከዚህ ከበለጠ የሞላው ቀለበት ይጠብቃል፤ ካነሰ ይላላል። ቀለበቱ እስከ መጨረሻው ጠብቆ አሁንም የሚሰምጥ ከሆነ ሞላው ራሱ መለወጥ አለበት፤ ቀለበቱ የሞላውን መነሻ እንጂ ጥንካሬውን አይለውጥምና።

ይህ ልኬት ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ማሽኑ ከመጋዘን ወጥቶ ለሠራተኛ በሚሰጥበት ቀን ልኬቱ በርክክብ ወረቀቱ ላይ ከነጂው ክብደት ጋር ቢመዘገብ፣ ነጂው ሲለወጥም ቢታደስ፣ የብዙ ሠራተኛ ወገብ ከሕመም ይድናል። ይህን ማስለመድ የጥገና ክፍል ኃላፊዎችና የሙያው ባልደረቦች ሥራ ነው።