አርተር ራምቦ፤ ሐረርን በፎቶግራፍ ያነሣው ባለቅኔ

አርተር ራምቦ በዓለም ላይ ስማቸው ከተጠራ ባለቅኔዎች አንዱ መሆኑ በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በሐረር ከተማ ነጋዴ ሆኖ መኖሩንም ያገራችን ሰው ሰምቷል። ነገር ግን ይህ ሰው ያገራችንን የዕለት ኑሮ ቀደም ብለው በፎቶግራፍ ካነሡት አንዱ መሆኑን የሚያስታውሱ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ የሕይወቱን ታሪክ ለተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ በአጭሩ ለማቅረብ አሰብሁ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ራምቦ በ1854 ዓ.ም. በሰሜን ፈረንሳይ ሻርልቪል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የጦር መኮንን ነበር፤ ራምቦ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ቤቱን ትቶ ስለ ሄደ ልጆቹን ያሳደገች እናቱ ብቻዋን ናት። ብላቴናው በትምህርት ቤት እጅግ ብልህና ብዙ ሽልማት የተቀበለ ተማሪ ነበር። ግጥም በብርቱ መጻፍ የጀመረው በ15 ዓመቱ ገደማ ሲሆን፣ ሃያ አንደኛ ዓመቱን ሳያልፍ ብዕሩን ጣለ። ስሙን ያስጠሩት ግጥሞች የተጻፉት እንግዲህ ዛሬ እኛ በምንገኝበት ዕድሜ ነው።

ከዚያ በኋላ እንጀራ ፍለጋ ብዙ አገር ዞረ። ጃቫ ድረስ ተጓዘ፤ በቆጵሮስ ደሴትም የድንጋይ ጠራቢዎች አለቃ ሆኖ ሠራ። በ1880 ዓ.ም. ኤደን ወደብ ደርሶ አልፍሬድ ባርዴ በሚባል ፈረንሳዊ የንግድ ቤት ተቀጠረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ከዘይላ ተነሥቶ ሃያ ቀን ያህል በረሃውን ተጉዞ ሐረር ገባ። ሐረር በዚያን ጊዜ በግብፆች እጅ ነበረች። ሥራው ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ እየገዛ ወደ ኤደን መላክ ነበር።

ራምቦ አውሮፓ ስለ ሐረርና በዙሪያዋ ስላሉት አገሮች የምታውቀው ጥቂት መሆኑን ተመልክቶ፣ ካርታና ፎቶግራፍ ያለበት መጽሐፍ ለማዘጋጀት አሰበ። ስለዚህ በ1882 ዓ.ም. ፎቶግራፍ ማንሻ መሣሪያ ከነዕቃው ከሊዮን ከተማ አዘዘ። ዋጋው 1,850 ፍራንክ ነበር። እናቱ ይህን ያህል ገንዘብ በመውጣቱ አልተደሰተችም፤ እርሱ ግን ሐሳቡን አልለወጠም።

የዚያን ዘመን መሣሪያ ዛሬ በኪሳችን እንደምንይዘው አልነበረም። በሦስት እግር ላይ የሚቆም ትልቅ ሣጥን ነው። ሥዕሉ የሚቀረጸው ብርሃን የሚይዝ መድኃኒት በተቀባ መስተዋት ላይ ሲሆን፣ የሚነሣው ሰው ሳይንቀሳቀስ መቆም ይገባዋል። በኋላም መስተዋቱ በጨለማ ቤት በመድኃኒት ይታጠባል፤ ከዚያ ወደ ወረቀት ይገለበጣል፤ ወረቀቱም በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት። በሐረር ያገኘው ውኃ ለዚህ ሥራ የማይመች ስለ ነበረ አንዳንዶቹ ሥዕሎች ነጣ ብለው ወጡ።

በ1883 ዓ.ም. የንግድ ቤቱ ኃላፊ ሆኖ ወደ ሐረር በተመለሰ ጊዜ ሥራውን ጀመረ። በግንቦት ወር ራሱን ያነሣባቸውን ሦስት ሥዕሎች ለእናቱና ለእኅቱ ላከላቸው። በአንደኛው በቤቱ ሰገነት ላይ፣ በሁለተኛው በቡና አትክልት ውስጥ፣ በሦስተኛው በሙዝ አትክልት ውስጥ እጁን አጣምሮ ቆሞ ይታያል። ቀጥሎም ወደ ከተማው ወጥቶ የገበያውን ቦታ፣ የመጋዘኑን ሰው፣ ቡና የሚጫንበትን የቆዳ ከረጢት የሚሠራውን ባለ እጅ አነሣ። የከተማው ሰው ሁሉ ለመነሣት ይፈልግ ነበር፤ ለአንድ ፎቶግራፍ አንድ የእንግሊዝ ወርቅ እስከ መስጠት ደርሰው ነበር።

ይህ ሥራ ግን ብዙ አልቆየም። ስለ ኦጋዴን የጻፈው ዘገባ በ1884 ዓ.ም. በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ታትሞለታል፤ ያሰበው መጽሐፍ ግን ሳይጻፍ ቀረ። በዚያው ዓመት የንግድ ቤቱ ሐረርን ለቀቀ፤ በሚከተለው ዓመት ራምቦ መሣሪያውን እያዘነ ሸጠው። ከዚያ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ይዞ በአንኮበር በኩል አድርጎ በ1887 ዓ.ም. እንጦጦ ደረሰ። በንግዱም ያሰበውን ትርፍ አላገኘም። ከ1888 ዓ.ም. ጀምሮ የሐረር ገዢ ከነበሩት ከመኰንን ጋር እየተዋወቀና እየነገደ ሦስት ዓመት በከተማዋ ኖረ።

በ1891 ዓ.ም. ጉልበቱን ስላመመው 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ዘይላ አወረዱት። በማርሴይ ሆስፒታል እግሩ ተቆረጠ፤ ሕመሙ ግን አልተወውም፤ በኅዳር 10 ቀን በ37 ዓመቱ ሞተ። ከሀብቱም በሐረር ሲያገለግለው ለነበረው ለጃሚ ገንዘብ እንዲሰጠው አዘዘ። ዛሬ በሐረር በስሙ የሚጠራው ቤት እርሱ ከሞተ በኋላ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ የኖረባትን ሐረር በእርግጥ የሚያሳዩን እነዚያ የደበዘዙ ጥቂት ሥዕሎች ናቸው።

እኛ የደባርቅና የሰሜን ተራሮች ልጆች ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ቁም ነገር አለ። ወደ ተራራችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ዋልያውን፣ ጭላዳውንና ገደሉን አንሥቶ ይሄዳል። ነገር ግን በፓርኩ ውስጥ የነበረው የጊች መንደር ሕዝብ በ2016 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውሯል። ሣር ክዳኑን ቤት፣ ምድጃውንና መደቡን፣ ገብስ የተወቃበትን አውድማ፣ እናቶች እንስራ አዝለው የተመላለሱበትን መንገድ ማን አንሥቶታል? በጊዜው ካልተነሣ ዛሬ ማንም ወደዚያ ሄዶ ሊያነሣው አይችልም።

ራምቦ የመጋዘኑንና የባለ እጁን መልክ አተረፈልን፤ ስማቸው ግን አልደረሰንም። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ስልክ በእጃችን ያለን ሁሉ ከሰዉ ፈቃድ እየጠየቅን የቤታችንንና የሰፈራችንን ኑሮ እናንሣ። የሰውየውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ከሥዕሉ ጋር እንጻፍ። ሽማግሌዎቻችን በሕይወት ሳሉ የድሮውን መንደር ቤት በቤት እየጠየቅን እንመዝግብ። እነርሱ ካለፉ በኋላ የምንጠይቀው አናገኝምና።