ክራሯን ከፊት ያስቀደመችው አስናቀች ወርቁ

እዚህ አንጋጫም በሉት ዱራሜ ወይ ሆሳዕና፣ ሰርግ ቤት ስትገቡ ሙዚቃ ማለት አሁን ኪቦርድ ነው። አንድ ልጅ ኪቦርዱን ተሸክሞ ይመጣል፣ ከበሮውም ማሲንቆውም ክራሩም ከውስጡ ይወጣል። መጥፎ ነው አንልም፣ እኛም ጨፍረንበታል። ግን ሰሞኑን ክራርና ኦርጋን ጎን ለጎን ተቀምጠው የሠሩበትን አንድ የድሮ አልበም ደጋግመን ሰማንና የባለቤቷን ታሪክ ልናካፍላችሁ ወደድን።

አስናቀች ወርቁ አዲስ አበባ ተወልዳ፣ እናቷን በልጅነቷ አጥታ በሰው እጅ ያደገች ልጅ ነበረች። ክራር ያስተማራት ትምህርት ቤት የለም። በዚያ ዘመን ደግሞ ሴት ልጅ ክራር አነሳች ማለት ለቤተሰብ ሐፍረት ነበር። በገና የጸሎት ነው ይባላል፣ ክራር ግን የጠጅ ቤትና የፍቅር መሣሪያ ተደርጎ ይታያል። አዝማሪ የሚለው ቃል ራሱ ስድብ ሆኖ ስንቱን አሸማቋል! እሷ ግን አልተወችውም።

በዚህ ላይ ቲያትር ተጨመረ። በ1940ዎቹ መድረክ ላይ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ብዙዎች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ተዋናይት የሚሏት አስናቀች ያን ልማድ ከሰበሩት ናት። በ1948 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፣ ከተከፈተ በኋላ እዚያ ለረጅም ዓመታት ተውናለች፣ ዘፍናለች፣ ተወዛውዛለች። ከፈረደ ጎላ ጋር ግጥም እየተቀባበሉ ሲሸናነፉ የሰሙ ሰዎች ዛሬም ያንን ያነሳሉ። ግጥም ለሷ በወረቀት የሚጻፍ ነገር ብቻ አልነበረም፣ እዚያው መድረክ ላይ የሚወለድ ነበር።

አሁን ወደ አልበሙ እንምጣ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1975 ነው። ንጉሡ ወርደዋል፣ ደርግ ገብቷል፣ ሰዓት እላፊ አለ። የአዲስ አበባ ዘመናዊ ሙዚቃ በትራምፔትና በሳክስፎን፣ በትልልቅ ባንዶች የተያዘ ነው። ክራር የያዘ ሰው ቢበዛ ለባህል ምሽት የሚጠራ ነበር። አስናቀች ስቱዲዮ የገባችው ከሁለት ሰዎች ጋር ነው፤ ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ተማረ ሀረጉ በድራም።

ይሄኔ ኦርጋኑ ክራሩን ይውጠዋል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አይውጠውም። ክራሩ ይጀምራል፣ መንገዱን ያሳያል፣ ኦርጋኑ ደግሞ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ክፍተቱን ይሞላል። ድራሙም ቢሆን ዝም ማለት ያውቅበታል። ድምጿ ለስላሳ አይደለም፣ ትንሽ ሻከር ይላል። እኛን የገዛን እሱ ነው፤ ትዝታ ስትዘፍን የምታባብል ሳይሆን የምትሟገት ነው የምትመስለው።

በነገራችን ላይ በዚያው ሰሞን አሜሪካኖችም ተመሳሳይ ጥያቄ ላይ ነበሩ። የገጠር ዘፈናቸው፣ ካንትሪ የሚሉት፣ በከተማ ስቱዲዮ እየተለሰለሰ ሄዶ ነበር። ብሉግራስ የሚባለው የተራራው ሰው ሙዚቃ ደግሞ በባንጆ፣ በቫዮሊንና በማንዶሊን የሚሠራ ነው። ባንጆ እንኳ ሥሩ በባርነት የተወሰዱ አፍሪካውያን ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኒቲ ግሪቲ ደርት ባንድ የተባሉ ወጣቶች የገጠሩን አንጋፋዎች ናሽቪል ስቱዲዮ ሰብስበው ባለ ሦስት ሸክላ አልበም አወጡ። የብሉግራስ አባት ቢል ሞንሮ ግን ተጠይቆ እምቢ አለ። እነሱ ወደ ድሮው መሣሪያ ለመመለስ አንጋፋዎችን መጥራት ነበረባቸው። አስናቀች የምትመለስበት ነገር አልነበራትም፣ ክራሩ ከእጇ አልወረደምና። አዲሱን መሣሪያ ነው ወደሷ ያስመጣችው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዝምታ አለ። ትውልድ ተቀየረ፣ ካሴቱም ተረሳ። እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በኢትዮፒክስ 16ኛ ሲዲው ባለ ክራሯ እመቤት ብሎ ዘፈኖቿን ለዓለም አቀረበ። በመጨረሻ ዘመኗ ታማ ሳለች ራሔል ሳሙኤል ካሜራ ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ፍቅሯንም ቁጭቷንም አስቀረጸቻት። ፊልሙ ሲወጣ ግን አስናቀች አልነበረችም። በመስከረም 2004 አርፋለች።

የ1975ቱ አልበም በአሜሪካ አሳታሚ እንደገና የታተመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። አስናቀች ተብሎ በስሟ ብትፈልጉት ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ። አንጋጫና አካባቢው ውስጥ ክራር የሚመታ፣ በተለይ ክራር የምትመታ ልጅ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ሄደን እንሰማታለን።