ታላላቅ ሰዎችን እንወቅ፦ የባሕሩን መብራት ያራቀው ኦገስታን ፍሬኔል

የምንኖርበት ሽኩና ቤት ከባሕር የራቀ ሠፈር ነው። ይሁን እንጂ ከወገኖቻችን መካከል በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሱዳን ጠረፍ በሌሊት መርከብ ተሳፍረው ወደዚህ አገር የገቡ አሉ። በጨለማ ባሕር ላይ የተጓዘ ሰው፣ ከየብስ የምትታይ አንዲት መብራት ምን ያህል ልብ እንደምታሳርፍ ያውቃል።

ወደ ያፎ ወደብ የሄዳችሁ እንደሆነ በዕብራይስጥ ሚግዳሎር የሚባለውን የመርከበኞች መብራት ማማ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው በ1865 ተሠራ፤ የዛሬው በ1936 በእንግሊዞች ዘመን ቆሞ እስከ 1966 ድረስ አገልግሏል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የእንደዚህ ያሉ ማማዎች ብርሃን እጅግ ርቆ እንዲታይ ያደረገውን ሰው ታሪክ ዛሬ እናቀርብላችኋለን።

ኦገስታን ፍሬኔል በ1788 በፈረንሣይ አገር፣ በኖርማንዲ ተወለደ። በልጅነቱ ሰውነቱ ደካማ ነበር። ቃል አጥንቶ መያዝ አይሆንለትም፤ ስምንት ዓመት ሲሞላው እንኳ ማንበብ ገና ይቸግረው ነበር። እጁ ግን ሌላ ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ከዛፍ ቅርንጫፍ የሚሠራቸው የጨዋታ መሣሪያዎች ጉዳት እስከማድረስ በመድረሳቸው ወላጆች ከለከሉ። የመንደሩ ልጆችም ሊቅ ይሉት ጀመር።

አድጎ የመንገድ መሐንዲስ ሆነ። በ1815 ናፖሊዮን ከስደት ሲመለስ በመቃወሙ ከሥራው ታገደ፤ በፖሊስ ዓይን ሥር ሆኖም በእናቱ ቤት ተቀመጠ። ሥራ ባጣበት በዚያ ጊዜ ስለ ብርሃን መመርመር ጀመረ። ውድ መሣሪያ አልነበረውም። በመዳብ ላይ ቀዳዳ በስቶ የማር ጠብታ አኖረበትና በእርሷ የፀሐይን ጮራ ሰበሰበ። የቀረውን የመንደሩ ብረት ሠሪ ሠራለት። አባቶቻችን በእጅ ሥራቸው ስንት ስድብ እንደሰሙ ለምታውቁ፣ ይህ ነገር ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም።

ፍሬኔል ብርሃን እንደ ውኃ ማዕበል ይጓዛል አለ። ሥራውን ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ ፑዋሶን፣ ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ በክብ ነገር ጥላ መካከል ብሩህ ነጥብ መታየት ነበረበት ሲል ተቃወመው። ወዳጁ አራጎ ቢሞክረው ነጥቡ በእርግጥ ታየ። በ1819ም የፈረንሣይ የሳይንስ አካዳሚ ሸለመው።

በዚያው ዓመት በባሕር መብራቶች ኮሚሲዮን ተመደበ። እስቲ ኩራዝን አስቡ፤ ብርሃኑ በየአቅጣጫው ስለሚበተን በሩቅ ላለ ሰው የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። በማማዎቹ ላይ ከመብራቱ ኋላ የሚደረገው የሚያብረቀርቅ ብረት ግማሹን ያህል ብርሃን ይውጠው ነበር። ወፍራም ሌንስ እንዳይደረግ ደግሞ እጅግ ይከብዳል። ፍሬኔል ብርሃንን የሚያጥፈው የመስተዋቱ ገጽ እንጂ የውስጡ ውፍረት አለመሆኑን በማስተዋል፣ ቀጫጭን መስተዋቶችን እንደ መሶብ ስፌት ዙር በዙር አድርጎ ገጣጠማቸው። የተበተነውም ብርሃን ተሰብስቦ ወደ ባሕሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። በ1823 በኮርዱዋን ማማ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በራ፤ ከዚያም ወደ ዓለም ወደቦች ሁሉ ተዳረሰ።

እርሱ ግን ብዙ አልቆየም። በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በ1827፣ በ39 ዓመቱ ዐረፈ። የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ ሜዳልያ የደረሰው ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ሥራውን ወንድሙ ሌዮኖር ቀጠለ። ስሙም በኤፍል ማማ ላይ ከተጻፉት 72 ስሞች አንዱ ሆነ።

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ በቋንቋ ደካማ ነው የሚል ወረቀት ከትምህርት ቤት ሲመጣላችሁ ልጁ ሰነፍ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። መምህሩ ዘንድ ሄዳችሁ ተነጋገሩ፤ በንባብም የሚረዳው ፈልጉለት። እጆቹ ምን እንደሚሠሩ ደግሞ እናንተው ተመልከቱ፤ በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው እዚያ ይገኝ ይሆናል።